ሞርፊንን ፈርተን ትራማዶልን የደፈርነው ለምንድን ነው?

ሰላም ጤና ይስጥልኝ።

ጠንከር ያለ የሕመም ማስታገሻ የታዘዘለት ሰው ፋርማሲ መስኮት ላይ ቆሞ የሚጠይቀው ጥያቄ አለ። «ይሄ ነገር ሱስ አያስይዝም?» ተገቢ ጥያቄ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ የምንጠይቅበት ቦታ ነው። በካንሰር የምትሰቃይ እናት ሞርፊን ሲታዘዝላት ቤተሰቡ ይደነግጣል። ለወገብ ሕመም ትራማዶል ለወራት ሲዋጥ ግን ብዙም የሚደነግጥ የለም። ዛሬ ይህ ፍርሃት የቱ ጋ ልክ እንደሆነ፣ የቱ ጋ ደግሞ ሰው እያሰቃየ እንደሆነ እናያለን። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

(ምስል፦ የአንጎል፣ የሕብለ ሰረሰርና የአንጀት ሥዕል)

ሞርፊን፣ ኮዴይን፣ ትራማዶል፣ ፔቲዲን፣ ኦክሲኮዶን፣ ፈንታኒል። ሁሉም ኦፒዮይድ የሚባሉ ዘመዳሞች ናቸው። ቁስል አያድኑም። እብጠት አያጠፉም። አንጎልና ሕብለ ሰረሰር ላይ ያሉ፣ «ተቀባይ» የሚባሉ የሕዋስ ክፍሎችን ይዘው የሕመሙን ስሜት ያዳክማሉ። ያው ተቀባይ አንጀትም ላይ ስላለ ሆድ ያደርቃሉ። ትንፋሽን የሚቆጣጠረው የአንጎል ክፍል ላይም አለ፤ ስለዚህ መጠናቸው ሲበዛ ሰውየውን ከባድ እንቅልፍ ይጥለዋል፣ ትንፋሹ እየሳሳ ይሄዳል፣ ካልተደረሰለት ይሞታል።

ፍርሃቱ ባዶ አይደለም። አሜሪካ ያላችሁ ወገኖች ታሪኩን በቅርብ ታውቁታላችሁ።

በ1980 አንድ ታዋቂ የሕክምና መጽሔት አምስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ያላት ደብዳቤ አወጣ። ሆስፒታል ውስጥ ኦፒዮይድ ከተሰጣቸው 11,882 ሕሙማን መካከል ሱስ እንደያዛቸው የተመዘገበው 4 ብቻ ናቸው ትላለች። ልብ በሉ፣ እነዚህ ሆስፒታል ተኝተው የታከሙ ሰዎች ናቸው እንጂ ቤታቸው ሆነው ለዓመታት ክኒን የዋጡ አይደሉም። ደብዳቤዋ ግን ለዚያኛውም ማስረጃ ተደርጋ በመቶዎች በሚቆጠሩ ጽሑፎች ተጠቀሰች። ፐርዱ ፋርማ የተባለው የመድኃኒት ኩባንያ በ1996 ኦክሲኮንቲን የተባለውን የኦክሲኮዶን ክኒን ገበያ ሲያወጣ ለሐኪሞች ያወራው ሱስ የማስያዝ ዕድሉ አነስተኛ እንደሆነ ነበር። በ2007 መድኃኒቱን በማሳሳት እንዳስተዋወቀ ፍርድ ቤት ቀርቦ አመነ። በ2020 በሌሎች ክሶች እንደገና ጥፋተኛነቱን አመነ። በመሀሉ፣ በ2012፣ አሜሪካ ውስጥ በአንድ ዓመት ከ250 ሚሊዮን በላይ የኦፒዮይድ ማዘዣ ተጽፏል።

የማዘዣው ቁጥጥር ሲጠብቅ መድኃኒቱን ከለመዱት ሰዎች ከፊሉ ወደ ሄሮይን ሄዱ። ቀጥሎ በድብቅ የሚመረተው ፈንታኒል መጣ። በ2021 ከመጠን በላይ በሆነ አደንዛዥ ዕፅና መድኃኒት የሞቱት አሜሪካውያን ከ100,000 በላይ ሆኑ፤ አብዛኛው ሞት ውስጥ ያ ፈንታኒል አለበት።

ከዚያ ደግሞ ፍርሃቱ ራሱ ሰው መጉዳት ጀመረ። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በ2016 ስለ ኦፒዮይድ አስተዛዘዝ ለሐኪሞች መመሪያ አወጣ። ምክር ነበር፤ ብዙ ቦታ ግን እንደ ሕግ ተያዘ። ለዓመታት መድኃኒቱን በሥርዓት ሲወስዱ የኖሩ ሕሙማን መጠናቸው በአንድ ጊዜ ተቆረጠባቸው። በ2019 የአገሪቱ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ይህ አደገኛ ነው፣ ከባድ ሕመም፣ ጭንቀት፣ ራስን እስከማጥፋት ያደርሳል ብሎ አስጠነቀቀ። መመሪያው በ2022 ተሻሻለ። እኔ ከዚህ ታሪክ ውስጥ በጣም የሚያንገበግበኝ ይሄኛው ክፍል ነው፤ ኩባንያ በዋሸው ውሸት የተቀጣው ሕመምተኛው ነው።

(ምስል፦ ወገቡን ይዞ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው)

ለመሆኑ ለቆየ የወገብና የጉልበት ሕመም ይሠራሉ? በ2018 የታተመ አንድ ጥናት አለ፤ አሜሪካ፣ ሚኒያፖሊስ ከተማ አካባቢ በቀድሞ ወታደሮች ክሊኒኮች የተሠራ። የቆየ የወገብ፣ የዳሌ ወይም የጉልበት ሕመም ያለባቸውን 240 ሰዎች ለሁለት ከፍለው፣ ለግማሾቹ ኦፒዮይድ፣ ለግማሾቹ እንደ ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን ያሉ መድኃኒቶች እየሰጡ ለ12 ወር ተከታተሏቸው። በመጨረሻ በእንቅስቃሴና በዕለት ሥራ ልዩነት አልተገኘም። እንዲያውም ኦፒዮይድ የወሰዱት ሕመማቸው በትንሹ ከፍ ብሎ፣ የጎንዮሽ ጉዳታቸውም በዝቶ ተገኘ።

አንድ ጥናት ሁሉንም አይዘጋም። ሌላ ነገር ሁሉ ተሞክሮ ያልሠራላቸው፣ በትንሽ መጠን ኦፒዮይድ ቆመው የሚሄዱና ሥራቸውን የሚሠሩ ሰዎች አሉ፤ ከእነሱ መድኃኒቱን መንጠቅ ጭካኔ ነው። ለተራ የወገብ ሕመም ግን መነሻ መሆን የለበትም። ከተጀመረም ሐኪሙ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ይጠይቃችሁ፦ ደረጃ መውጣት ቻላችሁ? እንቅልፍ ተኛችሁ? ሥራ ገባችሁ? ለውጥ ከሌለ መጠን እየጨመሩ መሄድ አደጋውን ብቻ ያሳድጋል። ሰውነት ይለምደዋል። ለሳምንታት ተወስዶ በድንገት ሲቆም ላብ፣ ተቅማጥ፣ የአጥንት ቁርጥማት፣ እንቅልፍ ማጣት ይመጣል። ይሄ በማንም ላይ ይደርሳል፤ ሰውየው ሱሰኛ ሆነ ማለት አይደለም። ሱስ የምንለው መድኃኒቱ ሕይወቱን እያበላሸው እያየም ማቆም ሲያቅተው ነው። የለመደ ሰውነት ያለው ሰው በሐኪም ክትትል ቀስ በቀስ እየቀነሰ ያቆማል።

አሁን ካንሰሩ ጋ እንምጣ። እዚህ ላይ ነው ፍርሃታችን ያለቦታው የገባው።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ1986 ጀምሮ ለከባድ የካንሰር ሕመም ሞርፊን ይመክራል። በአፍ የሚወሰድ ነው፣ ውድም አይደለም። ግን በ2017 የወጣ ዓለም አቀፍ ሪፖርት እንዳሰላው፣ በዓመት ከሚከፋፈለው ወደ 298.5 ቶን የሚጠጋ በሞርፊን ልክ የተሰላ ኦፒዮይድ ውስጥ ድሃ አገሮች የሚደርሳቸው 0.1 ቶን ብቻ ነው። አንድ መቶ ኪሎ! እኛም ከእነዚህ አገሮች አንዱ ነን። እንደ ሆስፒስ ኢትዮጵያ ያሉ፣ ቤት ድረስ ሄደው የሚያስታምሙ ድርጅቶች አሉ፤ ለሁሉም ግን አይደርሱም።

መድኃኒቱ ሲገኝ ደግሞ ቤተሰብ ይሰስታል። «ለክፉ ቀን እናስቀምጠው» ይባላል። «ሞርፊን ከተጀመረማ አለቀላት» ይባላል። ሁለቱም ሕመምተኛዋን በከንቱ ያሰቃያሉ። በሐኪም ተመጥኖ የተሰጠ ሞርፊን ሞት አያፋጥንም። ሕመሙ ከጨመረ መጠኑም ሊጨመር ይችላል፤ ዛሬ ስለተጀመረ ነገ አይሠራም ማለት አይደለም። የሚሰጠውም በሰዓቱ ነው። ሕመሙ እስኪነሳ፣ እስክትጮህ መጠበቅ አያስፈልግም። እንቅልፉና ማቅለሽለሹ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ይቀንሳል፣ የሆድ ድርቀቱ ግን አይለቅም፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን የሚያለሰልስ መድኃኒት አብሮ ይታዘዝ። ካልታዘዘ እናንተው ጠይቁ።

(ምስል፦ ጉበት)

ወደ ትራማዶልና ኮዴይን። ስማቸው ቀላል ስለሚመስል እንደፍራቸዋለን። ኮዴይን ግን ጉበት ውስጥ ባለ አንድ ኢንዛይም ወደ ሞርፊን ይቀየራል፤ ትራማዶልም በዚያው ኢንዛይም ይጠነክራል። በ1996 በኢትዮጵያውያን ላይ የታተመ ጥናት ከተመረመሩት 29 በመቶዎቹ ይህን ኢንዛይም የሚያመርተውን ጂን ከተለመደው በበለጠ ቅጂ እንደያዙ አሳይቷል። በሰሜን አውሮፓ ይህ የሚገኘው በጥቂት ሰዎች ላይ ነው። ኢንዛይሙ ሲበዛ ወደ ሞርፊን የሚቀየረውም ይበዛል፤ ስለዚህ ለሌላው ልክ የሆነው መጠን ለአንዳንዶቻችን ሊበዛ ይችላል። አሜሪካ በ2017 ሁለቱም ከ12 ዓመት በታች ላለ ልጅ እንዳይሰጡ፣ የምታጠባ እናትም እንዳትወስዳቸው ያስጠነቀቀችው በዚሁ ምክንያት ነው። ትራማዶል በተጨማሪ የሚጥል በሽታ ያለበትን ሰው ሊጥል ይችላል፤ ከአንዳንድ የድባቴ መድኃኒቶች ጋርም አይስማማም። ከዳያዜፓም (የሚያረጋጋ መድኃኒት ነው) ወይም ከአልኮል ጋር ማንኛውም ኦፒዮይድ ትንፋሽ ያፍናል። የኩላሊት ችግር ያለበት ሰው አስቀድሞ ይናገር። ቤት ውስጥ ያለው መድኃኒት ልጆች የማይደርሱበት ቦታ ይቆለፍበት። አሜሪካ ያላችሁ፣ ትንፋሽ የሚመልሰው የናሎክሶን የአፍንጫ ስፕሬይ ከ2023 ጀምሮ ያለማዘዣ ይሸጣል፤ እነዚህ ክኒኖች ያሉበት ቤት ውስጥ ይኑር።

ሻንጣ ውስጥ መድኃኒት የምትልኩ ደግሞ አደራ። ለራሳችሁ የታዘዘ ኦፒዮይድ ለእናት ወገብ አይላክም፤ መጠኑን ማንም አልለካላትም። ወደ ዓረብ አገር ለሥራ የምትሄዱ እህቶችና ወንድሞች፣ ትራማዶልና ኮዴይን የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ውስጥ ቁጥጥር የሚደረግባቸው መድኃኒቶች ናቸው። ያለ ፈቃድ ይዞ መግባት ሊያሳስር ይችላል። ከመነሳታችሁ በፊት ማዘዣውን ይዛችሁ የአገሩን መንግሥት ፈቃድ ጠይቁ፤ ፈቃዱ ካልደረሰ ክኒኑ እዚሁ ይቅር፣ ሐኪማችሁም ሌላ ይቀይርላችሁ።