ክብሪቱን ተዉትና ልጁን በጎኑ አስተኙት፦ ስለ አንጎልና ነርቭ ከጅማ አድማጮች የመጡ ጥያቄዎች

ባለፈው ቅዳሜ በጥያቄና መልስ ሰዓታችን ስልኩ ከመብዛቱ የተነሳ ግማሹን እንኳን ሳንመልስ ሰዓቱ አለቀብን፣ አንዳንዱንም መስመሩ እየተቆራረጠ በደንብ አልሰማሁትም ነበር። ስለዚ የተመዘገቡትን ጥያቄዎች ተቀብዬ ቁጭ ብዬ ጻፍኩላችሁ። የመጀመሪያዋን እናት ጥያቄ በጣም ሰፋ አድርጌዋለሁ፣ የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ በየሰፈሩ አለና እባካችሁ እሱን ሳትዘሉ አንብቡት።

ጥያቄ (እናት፣ ከአጋሮ)፦ ዶክተር፣ ልጄ 14 ዓመቱ ነው። ድንገት ይወድቅና ይንቀጠቀጣል፣ አረፋ ይደፍቃል። ጎረቤት ክብሪት ጭሮ ያሸተዋል፣ ቁልፍም ያስይዙታል፣ ያኔ ይነቃል። ከጤና ጣቢያ ኪኒን ሰጥተውት ስድስት ወር ሳይወድቅ ቆየ፣ በቃ ድኗል ብዬ አቆምኩት፣ በሳምንቱ ምድጃ ዳር ወድቆ እጁ ተቃጠለ። ጥፋቱ የኔ ነው ወይ? በሽታውስ ከምን የመጣ ነው?

መልስ፦ እናቴ፣ ጥፋቱ የርስዎ አይደለም። ልጅ ስድስት ወር ሳይወድቅ ሲቆይ ድኗል ብሎ መደሰት የማንም እናት ነው። ኪኒኑን የሰጠው ባለሙያ ነበር "ይሄ መድኃኒት በሽታውን ይዞ ያቆየዋል እንጂ ነቅሎ አያወጣውም፣ ድንገት ካቆሙት ብሶ ይመለሳል" ብሎ አስረግጦ ሊነግርዎት የሚገባው። ይሄን ሳይነግሩ ኪኒን ብቻ አስይዞ መላክ እኔን ሁሌም ያበሳጨኛል፣ ምክንያቱም ዋጋውን የሚከፍለው ልጁ ነው። አንድ ጊዜ ተረኛ ሆኜ ያየኋት ልጅ አለች፣ እጇን በነጠላ ጠቅልለው ቅቤ ቀብተው አመጧት፣ ነጠላው ቁስሉ ላይ ተጣብቆ በውሃ እያራስን ቀስ በቀስ ነው ያነሳነው፣ እሷም ኪኒኗ ካለቀ ሦስት ሳምንት ሆኗት ነበር። እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋችም።

ወደ በሽታው ስንመጣ፣ አንጎላችን ውስጥ 86 ቢሊዮን ገደማ የነርቭ ሴሎች አሉ፣ የሚነጋገሩት ደሞ በጣም በትንሽ ኤሌክትሪክና በኬሚካል ነው። የሐሙስ ገበያን አስቡት። አንዱ በቅቤ ይከራከራል፣ አንዷ ጤፍ ትሰፍራለች፣ አንዱ አህያውን ይጣራል፣ ሁሉም ያወራል ግን ሁሉም የየራሱን ነው፣ ገበያውም የሚሄደው እንደዛ ስለሆነ ነው። አሁን ያ ሁሉ ሰው በአንድ ጊዜ አንድ ቃል እየጮኸ እኩል ማጨብጨብ ቢጀምርስ? መሸጥም መግዛትም ይቆማል። የሚጥል በሽታ ማለት ይሄ ነው፣ ሴሎቹ ለጊዜው እኩል ይተኩሳሉ፣ ጡንቻን የሚያዘውን ክፍል ሲይዘው ሰውነት ይንቀጠቀጣል፣ ሁለቱንም የአንጎል ጎን ሲያዳርስ ሰውየው ራሱን ይስታል። አረፋውም ሌላ ነገር አይደለም፣ ያልተዋጠ ምራቅ ከትንፋሽ ጋር ሲመታ የሚፈጠር ነው፣ በሽታውም በአረፋ አይተላለፍም። ሰው አረፋውን ፈርቶ ሲሸሽ ልጁ እሳት ውስጥ ወይ ውሃ ውስጥ ይቀራልና ይሄን ለጎረቤት ሁሉ ንገሩልኝ።

መነሻው ብዙ ነው። ሲወለድ መታፈን፣ ጭንቅላት ላይ ከባድ ምት፣ ማጅራት ገትር፣ አንጎል ድረስ የዘለቀ ወባ፣ በዘር የሚመጣም አለ፣ በብዙ ሰው ላይ ደሞ ምክንያቱ ጭራሽ አይገኝም። እርግማን አይደለም፣ የእናትም የአባትም ኃጢአት አይደለም።

ክብሪቱ ያነቃዋል ላሉኝ፣ እስቲ ደቂቃ እንቁጠር። አብዛኛው መንቀጥቀጥ ከ1 እስከ 3 ደቂቃ ውስጥ በራሱ ያቆማል። ልጁ ሲወድቅ መጀመሪያ ጩኸት አለ፣ ከዛ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ከዛ "ክብሪት አምጡ" ይባላል፣ ተፈልጎ እስኪመጣ፣ ተጭሮ እስኪሸት ሁለት ደቂቃ አለፈ ማለት ነው፣ አንጎሉም ራሱን አረጋግቶ ጨርሷል። ክብሪቱ አንጎሉ በሠራው ተመሰገነ እንጂ ምንም አልሠራም፣ ይልቅ ጭሱ የደከመውን ትንፋሽ ይረብሸዋል። ቁልፉም እንደዛው ነው።

ሲወድቅ ይሄን አድርጉ፦ እሳት፣ ድንጋይ፣ ስለት ከአጠገቡ አንሱ፣ ጭንቅላቱ ስር ጋቢም ይሁን የታጠፈ ልብስ አድርጉ፣ መንቀጥቀጡ ሲበርድ በጎኑ አስተኙት፣ ምራቁ ወደ ውጭ ይፍሰስ። ማንኪያም ጣትም አፉ ውስጥ አትክተቱ፣ ምላሱን አይውጠውም፣ እጅና እግሩንም በጉልበት ይዛችሁ አትጫኑት። ሰዓት ተመልከቱ፣ 5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ደግሞ ከጀመረው አትጠብቁ፣ በተገኘው ባጃጅም በሞተርም ሆስፒታል አድርሱት።

ኪኒኑን ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ሄደው ያስጀምሩት፣ ፌኖባርቢታል የሚባለው የሚጥል በሽታ ኪኒን ከሆነ ደሞ በየቀኑ በሰዓቱ ነው፣ ከማለቁ በፊት ይተካ፣ መቼ እንደሚቀነስ የሚወስነው ሐኪሙ ነው፣ እሱም አብዛኛውን ጊዜ ሳይወድቅ ቢያንስ ሁለት ዓመት ከቆየ በኋላ ቀስ እያለ ነው። ጸበልም ዱዓም ይቀጥሉ፣ ማንም አይከለክልዎትም፣ ኪኒኑ ግን አብሮ ይሂድ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በትክክል ከታከሙ ከ100 ሰዎች እስከ 70 የሚሆኑት ሳይወድቁ መኖር ይችላሉ። የርስዎ ልጅ ስድስት ወር መቆየቱ ራሱ መድኃኒቱ እንደሚይዝለት ያሳያል እኮ፣ እኔን ተስፋ የሚሰጠኝ እሱ ነው።

ኢኢጂ የሚባለው የአንጎል ምርመራ ታዞለት "ጭንቅላቱን በኤሌክትሪክ ሊያቃጥሉት ነው" ብለው የፈሩም አሉ። ኢኢጂ ኤሌክትሪክ አይልክም፣ ያዳምጣል ብቻ። የራስ ቆዳ ላይ ትናንሽ ሽቦዎች በቅባት ይለጠፋሉ፣ ከውስጥ የሚመጣውን የቮልት ሚሊዮንኛ የሆነ ድምፅ አጉልቶ መስመር አድርጎ ይስለዋል። መጀመሪያ ከሰው ጭንቅላት የመዘገበው ጀርመናዊው ሐኪም ሐንስ በርገር ነው፣ በ1924 ዓ.ም. በፈረንጅ አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)፣ ግን እርግጠኛ ለመሆን አምስት ዓመት ፈትሾ በ1929 ነው ያሳተመው። አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ኢኢጂ ንጹሕ ነው ቢባልም በሽታው የለም ማለት አይደለም፣ ገበያው ሰላም በሆነበት ሰዓት ነው የተዳመጠው ማለት ሊሆን ይችላል። ስለዚ ለሐኪም ከማሽኑ በላይ የሚጠቅመው የርስዎ ዓይን ነው፦ እንዴት ጀመረ፣ የትኛው እጅ ቀደመ፣ ስንት ደቂቃ ቆየ። የሚቀርጽ ሰው ካለ በስልክ ቀርጾ ያሳይ።

ጥያቄ (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ)፦ ፈተና ሲደርስ ከሰዓት ቅሜ ማታ ቡና ጠጥቼ ሌሊቱን ሙሉ አነባለሁ። ሳነብ ሁሉም ይገባኛል፣ ፈተና ላይ ግን ጥርግ ብሎ ይጠፋብኛል። ለምንድነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ያስገባኸው ሳይቀመጥ ነው ፈተናው የደረሰው። ቀኑን ሙሉ አንጎል ሲሠራ አዴኖሲን የሚባል ነገር ይጠራቀማል፣ የነርቭ ሴል ላይ የራሱ በርጩማ አለው፣ እዛ ሲቀመጥ እንቅልፍ ይመጣል። የቡናው ካፌይን ያን በርጩማ ቀድሞ ይይዝበታል። አዴኖሲኑ ግን የትም አልሄደም፣ ቆሞ እየጠበቀ ነው፣ ካፌይኑ ሲነሳ አንድ ላይ ይቀመጣል፣ ያ ከባድ ድካም ከዛ ነው የሚመጣው። የካፌይን ግማሹ ከደም ለመውጣት 5 ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ አቦል ብትጠጣ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ገና ግማሹ አለ፣ ሌሊት 10 ሰዓት ላይም ሩቡ። እኔም የጅማ ሰው ነኝ፣ ቡና ተው አልልህም፣ ግን አቦሉንም ቶናውንም ከሰዓት 8 ሰዓት በፊት ጨርስ።

ጫቱ ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባል አነቃቂ ነገር ደሞ ባሕሪው አምፌታሚን ወደሚባለው አነቃቂ መድኃኒት ይጠጋል፣ ዶፓሚንና ኖርአድሬናሊን የሚባሉትን የአንጎል መልእክት አድራሽ ኬሚካሎች ከማከማቻቸው ያስወጣል። ቅጠሉ ሲደርቅ ካቲኖኑ ወደ ደካማ ነገር ስለሚቀየር ነው ነጋዴው በኮባ ጠቅልሎ ትኩሱን ለማድረስ የሚሮጠው። ምርቃና ላይ "ገባኝ" የሚለው ስሜት ራሱ ከዶፓሚኑ ነው የሚመጣው፣ መግባቱ ሌላ፣ መቀመጡ ሌላ ነው። ማታ ጨብሲ ከተጨመረበት እንቅልፉ ጭራሽ ይበላሻል።

የማስቀመጡ ሥራ የሚጀምረው ሂፖካምፐስ የሚባል ከጆሮ በላይ ወደ ውስጥ ባለ ቦታ ነው። ይሄን ያስተማረን በጣም የሚያሳዝን ታሪክ ነው። ሄንሪ ሞሌይሰን የሚባል አሜሪካዊ፣ እሱም የሚጥል በሽታ ነበረበት፣ በ1953 በቀዶ ሕክምና ከሁለቱም ጎን አብዛኛውን ሂፖካምፐሱን አወጡለት። መውደቁ ቀነሰ፣ ግን ከዛ ቀን ጀምሮ አዲስ ነገር አልያዘም፣ የምታጠናው ተመራማሪ ወጥታ ስትመለስ እንደገና ይተዋወቃታል፣ በ2008 እስኪሞት እንደዛው ነበር። የሚገርመው በመስታወት እያየ ኮከብ መሳል ሲያለማምዱት እጁ በየቀኑ እየተሻሻለ ሄደ፣ እሱ ግን መለማመዱን አያስታውስም። የእጅ ሙያና የታሪክ ትውስታ ሁለት የተለያየ ቦታ እንዳላቸው የታወቀው በሱ ነው። በ1994 ደሞ ዊልሰንና ማክናውተን የአይጥ ሂፖካምፐስ ላይ ሽቦ አድርገው ሲከታተሉ፣ አይጧ ስትሮጥ አብረው የተኮሱት ሴሎች ከዛ ስትተኛም አብረው ሲተኩሱ አገኙ። አንጎል የቀኑን ትምህርት በእንቅልፍ ይደግመዋል ማለት ነው። አንተ ያንን ድግግሞሽ ነው የምትሰርዘው። እስከ 4 ሰዓት አንብበህ ተኛ፣ 11 ሰዓት ላይ ተነስተህ ከልስ፣ አንድ ሴሚስተር ሞክረው።

ጥያቄ (አባት፣ የቀድሞ ወታደር)፦ እግሬን ከጉልበት በታች ካጣሁ 30 ዓመት አልፎኛል። የሌለው እግሬ አውራ ጣቱ ያሳክከኛል፣ ማታ ማታ ደግሞ ጨብጠው የያዙት ያህል ያመኛል። ለሰው ስናገር አበደ ይሉኛል።

መልስ፦ አባቴ፣ አላበዱም፣ ሕመሙ እውነተኛ ነው። በ1500ዎቹ የፈረንሳይ ጦር ሐኪም የነበረው አምብሯዝ ፓሬ እግራቸው ከተቆረጠ ወታደሮች ይሄንኑ ሰምቶ ጽፎታል። ነገሩ እንዲህ ነው፣ አንጎላችን ላይ የመላ ሰውነት ካርታ አለ። ካናዳ ሞንትሪያል ውስጥ ዊልደር ፔንፊልድ የሚባል ሐኪም ሰው ነቅቶ እያወራ አንጎሉን በትንሽ ኤሌክትሪክ እየነካ "አሁን የት ተሰማህ?" እያለ ነው ካርታውን ያወጣው፣ እጅና ከንፈር በጣም ሰፊ ቦታ ይዘው ተገኙ። የርስዎ እግር ሄዷል፣ ካርታው ላይ ያለው ቦታው ግን አልሄደም፣ የተቆረጠው ነርቭም ጫፉ ላይ እየተኮሰ መልእክት ይልካል፣ አንጎልም "እግር" ብሎ ያነበዋል።

አንዳንዶችን የረዳ ቀላል ዘዴ አለ። በ1990ዎቹ ራማቻንድራን የሚባል ሐኪም የጀመረው ነው። ሁለቱንም እግርዎን ዘርግተው ይቀመጡ፣ ረዘም ያለ መስታወት በመሐል ያቁሙ፣ ፊቱ ወደ ደህናው እግር ይሁን። በመስታወቱ ሲያዩ የሌለው እግር ቦታ ላይ እግር ይታያል። ደህናውን ቀስ አድርገው ያንቀሳቅሱ፣ ጣቶቹን ይፍቱ ይጨብጡ፣ 15 ደቂቃ ያህል በየቀኑ። የታሰረው ሲፈታ በዓይኑ ያየ አንጎል ሕመሙን የሚለቅበት ጊዜ አለ። ለሁሉም አይሠራም፣ ስለዚ ፊዚዮቴራፒ ባለበት ቢጀምሩት ይሻላል፣ ለነርቭ ሕመም የሚሰጥ መድኃኒትም አለ፣ ሲሄዱ "የሌለው እግሬን ያመኛል" ብለው ሳያፍሩ ይናገሩ።

ጥያቄ (የ8ኛ ክፍል ተማሪ)፦ ሰው ነቅቶ አንጎሉ ሲነካ አያመውም? ደሞ አንጎላችንን 10 ፐርሰንት ብቻ ነው የምንጠቀመው የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ የኔ ልጅ፣ አንጎል ራሱ ሕመም የሚሰማ ነርቭ የለውም። የሚያመው ቆዳው፣ የአንጎል ሽፋንና የደም ሥሮቹ ናቸው፣ ቆዳው ይደነዝዝና ውስጡ ሲነካ ሰውየው እያወራ ይቀጥላል። 10 ፐርሰንቱ ውሸት ነው። አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 ፐርሰንት ገደማ ሆኖ ከምናወጣው ጉልበት ግን 20 ፐርሰንቱን ይበላል፣ ሰውነት ለማይሠራ ነገር እንዲህ አይከፍልም። በዓል ላይ በግ ሲታረድ ጭንቅላቱ ሲከፈት አስፈቅደሽ እዪ፣ ያ እጥፍጥፉ፣ በሁለት መከፈሉ፣ ወደ ጀርባ የሚወርደው ነጭ ገመድ፣ ያንቺም አሠራሩ እንደዛ ነው፣ ያንቺ በጣም ይተልቃል እንጂ።

ጥያቄ (ባጃጅ ሹፌር)፦ በርጩማ ላይ ብዙ ስቀመጥ እግሬ ይደነዝዛል፣ አደጋ አለው?

መልስ፦ ነርቩና ወደሱ የሚሄደው ደም ስለሚጫኑ ነው፣ ስትነሳ በደቂቃዎች ውስጥ ከለቀቀህ አትጨነቅ። ግን ሳይጫን በድንገት አንድ ጎን፣ እጅና እግር አብሮ ከደነዘዘ ወይ ከዛለ፣ አፍ ወደ አንድ ጎን ከተጣመመ፣ ንግግር ከተኮላተፈ ስትሮክ፣ ማለትም የአንጎል ደም ሥር መዘጋት ወይ መፍሰስ፣ ሊሆን ይችላል። "ነፋስ መታው፣ ምች ነው" ተብሎ ቅጠል ሲሸተት የሚውለው ቀን በጣም ውድ ነው፣ ትልቅ የደም ሥር ሲዘጋ በየደቂቃው 1.9 ሚሊዮን ገደማ የነርቭ ሴል ይሞታል። አንተ ደሞ ባጃጅ አለህ፣ እንዲህ ያለ ሰው ካጋጠመህ ምግብም ውሃም አፉ ውስጥ ሳታደርጉ በቀጥታ ሆስፒታል አድርሰው፣ ከመነሳትህ በፊት ግን ቤተሰቡን "ስንት ሰዓት ላይ ነው የጀመረው?" ብለህ ጠይቅ፣ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቅህ እሱን ነው።