«ውሃውን ጠጥተው ነበር ወይ?»

የተከበራችሁ የማሳጅ ሙያ ባልደረቦቼ፣ ዛሬ ሥልጠናችሁን ጨርሳችሁ ወደ ሥራ የምትሰማሩ ወጣቶች፣ እንኳን ደስ አላችሁ።

አዘጋጆቹ ስለ ንጽሕናና ስለ ሥነ ምግባር እንድናገር ጠይቀውኛል፤ ሁለቱንም እነካለሁ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ይቅደም። በየማሠልጠኛው የሰማናት፣ ለስንት ደንበኛም ከማሳጅ በኋላ የደገምናት አባባል አለች፦ «ውሃ በደንብ ይጠጡ፤ የወጣውን መርዝ ያጥብልዎታል።»

የትኛውን መርዝ? ስሙን ጠርቶ የነገረን መምህር የለም፣ እኛም ጠይቀን አናውቅም። የሰውነትን ቆሻሻ የሚያስወግዱት ጉበትና ኩላሊት ናቸው። ኩላሊት በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም ያጣራል፤ ከሞላ ጎደል ሁሉንም መልሶ ወደ ደም ያስገባና አንድ ወይም ሁለት ሊትሩን በሽንት ያስወጣል። ሰው ታሸም አልታሸም ይህ ሥራ አይቋረጥም። በላዩ ላይ የሚጨመር ውሃ ሽንቱን ያቀጥነዋል እንጂ ከጡንቻ ውስጥ ተፍቆ የሚወጣ ነገር የለም።

«ላክቲክ አሲድ ነው» የሚሉም አሉ። ጡንቻ በብርቱ ሲሠራ ላክቴት (በተለምዶ ላክቲክ አሲድ የምንለውን) ያመነጫል፣ እውነት ነው። ነገር ግን ልብና ሌሎች ጡንቻዎች እንደ ነዳጅ ያቃጥሉታል፣ ጉበትም ወደ ስኳር ይለውጠዋል፤ እንቅስቃሴው ከቆመ በአንድ ሰዓት ገደማ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ውሎ የመጣ ደንበኛ የሚወጣለት ላክቲክ አሲድ ከየት ያመጣል? በ2010 የታተመ የካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ደግሞ ጭራሽ ተቃራኒውን አሳየ። ከከባድ የእጅ እንቅስቃሴ በኋላ ወዲያው የተደረገ ማሳጅ የጡንቻውን የደም ዝውውር እያወከ የአሲዱን መወገድ አጓተተው።

ደንበኛው ከአልጋው ወርዶ ሽንቱ ሲመጣበት «ያው መርዙ እየወጣ ነው» እንላለን። ሰው አንድ ሰዓት ሲጋደም በእግሩ የነበረው ፈሳሽ ወደ ደረቱ ይመለሳል፣ የልቡ ግድግዳ መወጠሩን ያውቃል፣ ኩላሊትም ትርፉን ይለቅቃል። ማንም ሰው ሳይታሽ ቢጋደምም ያው ነው።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። ደንበኛ በማግሥቱ ይደውላል፦ «ትከሻዬን ማንሣት አቃተኝ፣ ማበጠሪያ እንኳ መያዝ አልቻልኩም።» የእኛ የመጀመሪያ ጥያቄ ምንድን ነው? «ውሃውን ጠጥተው ነበር ወይ?» «ሁለት ብርጭቆ ጠጥቻለሁ» ሲለን፣ «አንሷል፣ ሁለት ሊትር ነበር» እንለዋለን። ሰውየውም ይቅርታ ጠይቆን ስልኩን ይዘጋል። በእጃችን ያሳመምነው ሰው እኛን ይቅርታ ይጠይቀናል! ይህ ነውር ነው፤ ነውር መሆኑንም ከእኛ በቀር የሚነግረን የለም።

ያ ሕመም የመጣው ከክርናችን ነው። በአንገትና በትከሻ መካከል ያለውን ጡንቻ ሳናፍታታ ስንጫነው ሥሥ ክሮቹ ይጎዳሉ፣ ይቆጣሉ፤ ሕመሙም ብዙውን ጊዜ በማግሥቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ይበረታል። ስለዚህ አምስት ደቂቃ በሰፊ መዳፍ አሙቁ። ሕመሙ ከ0 እስከ 10 ስንት ነው ብላችሁ ጠይቁ፣ ከ6 አታሳልፉ። ደንበኛው «ምንም አይደል» ቢልም ትንፋሹን ከያዘ፣ የእግር ጣቶቹን ካጠፈ፣ ጡንቻው ከሥር እየገፋ ከመለሳችሁ አፉን ሳይሆን ሰውነቱን እመኑ። የትኛውን ቦታ፣ ስንት ደቂቃ፣ በምን ያህል ኃይል እንደሠራችሁ መዝግቡ፤ ሲደውልላችሁ የምትገልጡት እርሱን ነው። ሕመሙ የከፋ ከሆነ፣ እጁ ከዛለ፣ ሽንቱ እንደ ጥቁር ሻይ ከጠቆረ ግን ጡንቻ እየፈረሰ ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። እዚያ ላይ የውሃ ምክር ጊዜ ማባከን ነው፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይሂድ።

«ውሃ ማንን ጎድቶ ያውቃል?» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። ጤነኛ ኩላሊት እንኳ በሰዓት ከአንድ ሊትር ብዙም አያስወጣም። ብዙ ሊትር በአንዴ የሚጠጣ ሰው በደሙ ያለው ሶዲየም (የጨው ንጥረ ነገር) ይወርድና ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ሲብስም መቀባዠር ይመጣበታል። ልቡ የደከመ ወይም በዲያሊሲስ (በኩላሊት እጥበት) ላይ ያለ ደንበኛ ደግሞ በቀን የሚጠጣውን ሐኪም ለክቶ ሰጥቶታል። የሐኪምን ልኬት በአንዲት ዓረፍተ ነገር የምንሽረው እኛ ማን ነን?

ብርጭቆውን አንሡት አላልኩም። የሚሞቅ አልጋ ያልባል፣ ፊትን ደፍቶ አንድ ሰዓት መተኛትም አፍ ያደርቃል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከማሳጅ በኋላ የደም ግፊት ዝቅ ሊል ስለሚችል ድንገት የተነሣ ሰው ዓይኑ ይጨልምበታል። ስለዚህ ማለቁን በለሆሳስ ንገሩት፣ አንድ ደቂቃ ተዉት። በጎኑ ዞሮ በእጁ ተደግፎ ይነሣ፣ እግሩን አንጠልጥሎ ሁለት ደቂቃ ይቀመጥ። ውሃውን ያን ጊዜ ስጡት፤ እየተጎነጨ ሳይቸኩል ይቀመጣል፣ እናንተም የፊቱን ቀለም ታያላችሁ። የውስጥ እግሩን ዘይት በፎጣ ሳትጠርጉ ወለሉን አታስረግጡት፤ ያንሸራትተዋል። ቃላችሁም ይህን ያህል ይብቃ፦ «ከጠማዎት ውሃ ይኸው። ነገ ካመመዎት ይደውሉልኝ፣ እጄ ከብዶ ሊሆን ይችላል።»

ንጽሕናን በተመለከተ፦ አንሶላ ለእያንዳንዱ ደንበኛ ይቀየር፤ እጅ ከመጀመራችሁ በፊትና ከጨረሳችሁ በኋላ በሳሙና ይታጠብ፤ ዘይት በፓምፕ ይውጣ እንጂ ጣት በማሰሮው አይግባ። ሥነ ምግባርን በተመለከተ፦ የማትሠሩበት የሰውነት ክፍል ይሸፈን፣ አልጋው ላይ የሰማችሁት ወሬ እዚያው ይቅር።

የምስክር ወረቀት አሰጣጡን ከዚህ በላይ አላዘገይም። አመሰግናለሁ።