ለራሱ አኦርታ ልብስ የሰፋው መሐንዲስ

[ምስል፦ ልብና አኦርታ፤ የአኦርታው ሥር አብጧል]

ይህን ያበጠ ቦታ ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። አኦርታ የተባለው ትልቁ የደም ቧንቧ ከልብ የሚነሣበት ሥሩ ነው። ማርፋን የተባለው በዘር የሚመጣ ሕመም ባለባቸው ሰዎች፣ ፋይብሪሊን-1 የተባለው ፕሮቲን ስለሚጎድል የቧንቧው ግድግዳ እየላላ፣ ሥሩም ከዓመት ዓመት እየሰፋ ይሄዳል። ሕመም አይሰማም። ድንገት ከተተረተረ ግን ሆስፒታል ሳይደርሱ የሚሞቱ ብዙ ናቸው። ስለዚህ ሐኪሞች ስፋቱ 5 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ፣ በቤተሰቡ የተተረተረበት ሰው ካለ ከዚያም ቀድመው፣ «ደኅና ነኝ» የሚለውን ሰው ደረት ለመክፈት ይወስናሉ።

[ምስል፦ ሰው ሠራሽ ቧንቧ ከነቫልቩ]

ሂዩ ቤንታልና አንቶኒ ዴ ቦኖ እ.ኤ.አ. በ1968 ያሳወቁት ዘዴ የታመመውን ሥርና ቫልቭ አውጥቶ በሰው ሠራሽ ይተካል፤ ልብን የሚመግቡትን ሁለት የደም ሥሮችም በአዲሱ ቧንቧ ላይ መልሶ ይሰፋል። አስተማማኝ ነው። ዕዳው ግን ዕድሜ ልክ የሚዋጥ ዋርፋሪን የተባለ ደም እንዳይረጋ የሚከላከል መድኃኒት ነው፤ ሲበዛ ያደማል፣ ሲያንስ ደም ይረጋል፣ ጽንስንም ሊጎዳ ይችላል። በሩማቲክ የልብ ሕመም ሳቢያ ሰው ሠራሽ ቫልቭ የገባላቸው ወገኖቻችን ይህን ጣጣ አሳምረው ያውቁታል። በቶሮንቶ ቲሮን ዴቪድ የጀመረው ዘዴ የሕመምተኛውን ቫልቭ ያተርፋል፤ ለሐኪሙ እጅ ግን ከባድ ፈተና ነው።

[ምስል፦ በአኦርታ ሞዴል ላይ የተቀረጸ መረብ]

ታል ጎልስወርዚ ማርፋን ያለበት እንግሊዛዊ መሐንዲስ ነው። ዋርፋሪኑን አልፈለገም። የላላ ቧንቧ ከውጭ ቢደገፍ ይበቃዋል ብሎ አሰበ፤ የመሐንዲስ ሐሳብ ነው፣ ብዙ ሐኪሞችም ተጠራጥረውት ነበር። የአኦርታው ምስል ተነሥቶ በልኩ ሞዴል ተሠራ፤ በሞዴሉ ላይ የፖሊስተር መረብ ተቀረጸ። እ.ኤ.አ. በ2004 በለንደኑ ሮያል ብሮምፕተን ሆስፒታል ቀዶ ሐኪሙ ጆን ፔፐር መረቡን በአኦርታው ዙሪያ አለበሰለት፤ የመጀመሪያው ታካሚ ራሱ ፈጣሪው ሆነ። መረቡ ውሎ አድሮ ከግድግዳው ጋር ይዋሃዳል። ደሙ ሰው ሠራሽ ነገር ስለማይነካ ለመረቡ ሲባል ዋርፋሪን አያስፈልግም፤ ብዙ ጊዜም ልብን ማቆም የለም።

ለሁሉም ግን አይሆንም። ሥሩ ከልክ በላይ ከሰፋ ወይም ቫልቩ ክፉኛ ካፈሰሰ ጊዜው አልፏል። ኤለርስ-ዳንሎስ የተባለው ሌላ በዘር የሚመጣ ሕመም፣ የደም ሥርን የሚያጠቃው ዓይነቱ፣ ባለባቸው ሰዎች ደግሞ ግድግዳው ክር እንኳን አጥብቆ ስለማይዝ ማንኛውም ቀዶ ሕክምና ያስፈራል። የተሠራለትም ሰው ከመረቡ በታች ያለው አኦርታ ያው የላላው ስለሆነ ክትትሉን አያቋርጥም። የማርፋን ሕመምተኛ ልጅ ችግሩን የመውረስ ዕድሉ 50 በመቶ ነው፤ ወላጆች፣ እኅት ወንድሞችና ልጆችም የልብ አልትራሳውንድ ሊነሡ ይገባል።