የመክፈቻ ንግግር፦ አገርነታቸው የሚያከራክር ግዛቶችና የአባልነት በር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ክቡራትና ክቡራን እንግዶቻችን፤ እንኳን ወደ ባሕር ዳር በደህና መጣችሁ።

የዘንድሮው ጉባኤያችን የሚመክረው አገርነታቸው የሚያከራክር ግዛቶች ወደ ዓለም አቀፍና አህጉራዊ ድርጅቶች ስለሚገቡበት መንገድ ነው። ሶማሌላንድ በተነሣች ቁጥር ክርክራችን «አገር ናት»፣ «አይደለችም» ላይ ይቆማል። እኔ ቀድሞ መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው ባይ ነኝ፦ የትኛው ድርጅት፣ በስንት ድምፅ፣ ማንስ ሊያግድ ይችላል? (ዓመታቱን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ከሁሉም ጠባቡ በር የተባበሩት መንግሥታት ነው። በቻርተሩ አንቀጽ 4 መሠረት መጀመሪያ የጸጥታው ምክር ቤት ድጋፍ ያስፈልጋል፤ ይኸውም ከ15ቱ አባላት የ9ኙ ድምፅ፣ ከአምስቱ ቋሚ አባላትም አንድም ተቃዋሚ አለመኖሩ ነው። ከዚያ በጠቅላላ ጉባኤው ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይጠየቃል። ፍልስጤም በኤፕሪል 2024 በምክር ቤቱ 12 ድጋፍ አግኝታ በአሜሪካ ተቃውሞ ብቻ ቀርታለች።

የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት በሆነው በዩኔስኮ ውስጥ ግን አንድ አገር ብቻውን የሚያግድበት ድምፅን በድምፅ መሻር የለም። ሥራ አስፈጻሚ ቦርዱ ካቀረበው በኋላ ከደገፉትና ከተቃወሙት ድምር ሁለት ሦስተኛው ይበቃል፤ ድምፀ ተአቅቦ ከስሌት ውጭ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። በ2015 ከሰርቢያ ተለይታ ነፃነቷን ላወጀችው ለኮሶቮ 92 አገሮች ደገፉ፣ 50 ተቃወሙ፣ 29 ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። የሚቆጠረው 142 ስለሆነ የሚፈለገው 95 ነበር፤ ሦስት ድምፅ ጎደለ። ከተቃዋሚዎቹ አራቱ ብቻ ድምፀ ተአቅቦ ቢያደርጉ ኖሮ በዚያው በ92 ድምፅ በገባች ነበር። ስለዚህ ዘመቻ የሚመራ ዲፕሎማት ደጋፊ ከመፈለግ እኩል ተቃዋሚን ማለዘብ አለበት።

ፍልስጤም በ2011 በ107 ድጋፍና በ14 ተቃውሞ ዩኔስኮ ገባች። ብዙ ስምምነቶች ለተባበሩት መንግሥታትና እንደ ዩኔስኮ ላሉ ልዩ ድርጅቶቹ አባላት ክፍት ስለሆኑ ይህ አንድ መቀመጫ ሌሎች በሮችንም ከፈተ። «ለሁሉም አገሮች» ክፍት የሆኑት ደግሞ በ2012 በተባበሩት መንግሥታት አባል ያልሆነ ታዛቢ አገር ከተባለች በኋላ ተከፈቱላት፤ በ2015 የዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት አባል ሆነች። ዋጋውም ከባድ ነበር፤ አሜሪካ ፍልስጤምን በአባልነት ለሚቀበል የተባበሩት መንግሥታት አካል ገንዘብ መስጠትን በሚከለክሉት የቀደሙ ሕጎቿ ምክንያት ከዩኔስኮ በጀት ከአምስት አንድ እጅ በላይ የነበረውን መዋጮዋን አቆመች።

ታይዋን በ2002 የዓለም ንግድ ድርጅት የገባችው በአገርነት ሳይሆን ራሱን የቻለ የጉምሩክ ክልል ተብላ ነው። ያ በር በዋናነት የንግዱ ድርጅት ነው፤ በአብዛኞቹ ሌሎች ድርጅቶች አይሠራም።

ወደ አህጉራችን ስንመጣ በአፍሪካ ኅብረት አባልነት የሚወሰነው በአባል አገሮች ተራ አብላጫ ድምፅ ነው። ቀላል ይመስላል። ሆኖም በ1982 አዲስ አበባ ላይ ሞሮኮ የኔ ነው በምትለው በምዕራብ ሰሃራ ላይ የታወጀችው የሰሃራ ዐረብ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ከ50ዎቹ አባላት የ26ቱን ዕውቅና ይዛ ወደ አፍሪካ አንድነት ድርጅት ስትገባ ተቃዋሚዎቹ አዳራሹን ጥለው ወጡ። በዚያው ዓመት ትሪፖሊ ላይ የተጠራው የመሪዎች ጉባኤ ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም። ሞሮኮም በ1984 ወጥታ የተመለሰችው በ2017 ነው። አብላጫው ሕጋዊ ቢሆንም ድርጅቱን ለሁለት ከፈለው። የሶማሌላንድ የ2005 ማመልከቻ እስካሁን ለድምፅ ያልቀረበው ያንን በሚያስታውስ ድርጅት ውስጥ መሆኑ በእኔ እይታ አይገርምም።

ደቡብ ሱዳን ግን የተለየችበት የሱዳን መንግሥት፣ ካርቱም፣ ስለተስማማላት ነፃነቷን ባወጀች በአምስት ቀን፣ ጁላይ 14 ቀን 2011፣ የተባበሩት መንግሥታት አባል ሆነች። ነገሩ እኛንም ይነካል፤ ከዚህ ከጣና የሚወጣው ዓባይ የሚመለከተው የናይል ተፋሰስ የትብብር ማዕቀፍ ስምምነት ስድስት ማጽደቂያ ይጠይቅ ነበር፤ ስድስተኛዋ እሷ ሆና ኦክቶበር 13 ቀን 2024 ሥራ ላይ ዋለ። አገርነቷ ቢያከራክር ኖሮ ያ ማጽደቂያ አይቆጠርም ነበር።

ከሰዓት በኋላ በየቡድናችሁ ስትቀመጡ የእያንዳንዱን ድርጅት መመሥረቻ ሰነድ የአባልነት አንቀጽ ከፊታችሁ አድርጉ። ጉባኤው መከፈቱን አበሥራለሁ።