መጀመሪያ መሬቱን እንስራ

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆች፤ እንኳን መጣችሁ።

በቀጥታ ልግባ። በጠረጴዛ ላይ ለምንጫወተው የጦርነት ጨዋታ ትንንሽ የአሻንጉሊት ወታደር ቀለም የሚቀባ ማነው ብዬ ስጠይቅ እጅ ሁሉ ይወጣል። ወታደሮቹ የሚቆሙበትን መሬት፣ ቦርዱን፣ ከፎም የሚሰራስ ስል ሁሉም ስልኩን ማየት ይጀምራል። አልፈርድባችሁም። የተቀባ ወታደር ያምራል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ይመሰገናል፤ የፎም ብናኝ ግን አፍንጫ ውስጥ ከመግባት ሌላ ክብር የለውም። ቢሆንም ዛሬ የመጣሁት ይሄንኑ ልለምናችሁ ነው። መጀመሪያ መሬቱን እንስራ። ያውም ለዓይን ብቻ ሳይሆን ለጨዋታ የሚሆን መሬት።

ይሄ ሙያ እንግዳ አይደለም። ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ በ1812 ፎን ራይስቪትስ የሚባል ፕሩስያዊ ለንጉሡ ያቀረበው የጦርነት ጨዋታ መሳቢያ ያለው ትልቅ ጠረጴዛ ነበር። መሬቱ በካሬ ቁርጥራጭ ተሠርቷል፤ እንደፈለጉ ያዟዙሩታል፣ ይደረድሩታል። ልጁ ደግሞ በ1824 ነገሩን ወደ ወረቀት ካርታ አዞረው፤ ሠራዊቱም ወደደው፤ ምን ያድርግ፣ ካርታ ተጠቅልሎ ይያዛል። እኛ ከልጁ ይልቅ የአባትየውን ከባድ መንገድ መርጠናል። እንግዲህ እንቻለው።

የምንጫወተው ናፖሊዮን የተሸነፈበትን የዋተርሉን ውጊያ ነው፤ ሰኔ 18 ቀን 1815። እዚያ ቦታ ላይ መሬቱ ምን እንደሰራ ሳይገባን ፎም መቁረጥ የለብንም። የእንግሊዙ አዛዥ ዌሊንግተን የቆመበት ተረተር ዝቅ ያለ ነው። ተራራ የሚጠብቅ ሰው ቢያየው ይስቃል። ግን ብዙውን እግረኛ ጦሩን ከጀርባው ደበቀው፤ ናፖሊዮን በመድፍ ሲደበድብ ከአፋፉ ማዶ ስንት ሰው እንደተኛ በትክክል ማየት አልቻለም። ስለዚህ ቦርዳችን ማሳየት ያለበት መደበቂያውን ነው። ሌላው ጌጥ ነው።

ደግሞ የዛሬውን ፎቶ እያያችሁ አትቅረጹ። ለውጊያው መታሰቢያ የአንበሳ ሐውልት የቆመበት ትልቅ ጉብታ በ1826 ሲያልቅ አፈሩ የተቆፈረው ከዚያው ከጦር ሜዳው ነው። ተረተሩ ከፊሉ ተልጦ ሄዷል። የድሮውን ቅርጽ ለማወቅ የዊልያም ሲቦርንን ሥራ ማየት ይሻላል። ይሄ የእንግሊዝ መኮንን በ1830 ጦር ሜዳው ላይ ያለው ላ ሄ ሳንት የሚባለው እርሻ ቤት ውስጥ ወራት ተቀምጦ መሬቱን ለካ፤ ከዚያ የሰራውን ሞዴል በ1838 ለንደን ላይ ለሕዝብ አሳየ። ርዝመቱ 8 ሜትር ያልፋል፤ ከ70,000 በላይ ጥቃቅን ምስሎች አሉበት። ድንቅ ሥራ ነው! ግን ለመታየት የተሰራ ነው፤ መሃሉ ላይ የማንም ክንድ አይደርስም። የእኛ ጠረጴዛ ከ180 ሳንቲሜትር በላይ መስፋት የለበትም፤ ከሁለቱም ወገን ቆሞ መሃሉን መንካት የሚቻለው እስከዚያ ነው። ሜዳው ካልበቃን ሁለት ጠረጴዛ አድርገን መሃል መተላለፊያ እንተዋለን።

አሁን ወደሚያጨቃጭቀን ነገር። የወታደሮቻችን ቁመት 28 ሚሊሜትር ነው። መሬቱን በ1 ለ 600 ብናሳንሰው 10 ሜትር ከፍታ ያለው ተረተር ቦርዱ ላይ 1.7 ሳንቲሜትር ገደማ ይሆናል። ወታደሩ ከኮረብታው ይረዝማል ማለት ነው! የተደበቀው ሁሉ አንገቱን አውጥቶ ይታያል። ስለዚህ ከፍታውን እናጋንናለን፤ እኔ 4 ሳንቲሜትር ይበቃል ባይ ነኝ። ግን ቁልቁለቱ በ60 ሳንቲሜትር ላይ ቀስ ብሎ ይውረድ፤ አለዚያ ወታደሮቹ ይንሸራተታሉ፣ ቀለማቸውም ይላጣል፣ ቀቢዎቹም እኔን ይረግሙኛል። እንደ ደረጃ የተቆለለ ኮረብታ የሚወድ አለ፤ ወታደር ጥሩ አድርጎ ያቆማል፣ እውነት ነው። ለዚህ ሜዳ ግን አልቀበለውም፤ ዋተርሉን የእርከን እርሻ ያስመስለዋል።

ቤቶቹም እንደዚያው ናቸው። ላ ሄ ሳንትን በወታደሮቹ ልክ ሙሉ በሙሉ ብንሰራው ግማሹን ግንባር ይይዝብናል። አንድ ጎተራ፣ አጥሩና በሩ ይበቃል። ሌላው እርሻ ቤት ኡጉሞንም በግንቡና በአትክልት ቦታው ይታወቅ።

ስለ ዕቃው ብዙ አልልም። ከሥር ስስ ኮምፔርሳቶ፣ ከላይ ጠጣር ፎም፤ እያንዳንዱ ቦርድ 120 በ60። ነጩ እንደ ፍሬ የሚረግፈው ፎም ይቅርብን። ስፕሬይ ቀለም በባዶ ፎም ላይ እንዳትነፉ፤ ይበላዋል። መጀመሪያ በኮላና በአሸዋ ሸፍኑት። ኮምፔርሳቶውን ከሥሩም ቀለም ቀቡት፤ አንድ ወገን ብቻ ከተቀባ ሲደርቅ ይሳብና ይቆለመማል፤ የቆለመመ ቦርድ ደግሞ ከጎረቤቱ ጋር አይገጥምም። በጋለ ሽቦ የሚቆርጥ ሰው መስኮት ይክፈት፤ ጭሱ ጥሩ አይደለም።

ጠርዝ፣ ጠርዝ፣ ጠርዝ! ተረተሩ ከአንዱ ቦርድ ወደ ሌላው ሲሻገር ከፍታው አንድ መሆን አለበት፤ መንገዱም እንደዚያው። ስለዚህ ማንም ቦርዱን ቤቱ ወስዶ ለብቻው እንዳይቀርጽ። ሁሉንም መሬት ላይ ገጥመን፣ በብሎን አስረን፣ ተረተሩን እንደ አንድ ገላ እንቀርጻለን፤ ከዚያ ነው የምንፈታው።

ሰብሉን አትርሱ። በዚያ ሰኔ ማሳው ላይ ረጅም አጃ ቆሞ ነበር፤ ሌሊቱን ዘንቦ መሬቱም ጭቃ ሆኗል። አጃውን ቦርዱ ላይ ከምንለጥፈው በትንንሽ ምንጣፍ ብንሰራው ይሻላል። ጦር ሲያልፍበት ምንጣፉ ይነሳል፣ ከሥሩ የተረገጠ ጭቃ ይታያል። ለዚህ ስንል ከሥር ያለውን ቀለም ጥቁር ቡናማ እናደርጋለን፤ አረንጓዴ የሚል ሰው ካለ ከእኔ ጋር ይጣላል።

የሥራ ክፍፍሉ እንዲህ ይሁን። ቀቢዎች፣ ተረተሩ ተቀርጾ እስኪያልቅ ብሩሻችሁን አስቀምጡና ከእኛ ጋር ቁረጡ። ቤት የሚሰሩ ሰዎች የቤቱን መሠረት ልክ በወረቀት ቆርጠው ያምጡልን፤ ፎሙ ላይ አስቀምጠን ቦታውን እንደለድላለን። ኮምፔርሳቶ የሚለካ ሁለት ሰው እፈልጋለሁ፤ ሜትር መያዝ የሚችል፣ የማይቸኩል። ማን ነው?