ከኪሴ እሞላዋለሁ

እሺ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ለዛሬ ሌላ ርዕስ ነበር ያዘጋጀሁት። ይቅርታ፣ ላቆየው። ማክሰኞ ኢንተርቪው ላይ ያልኳት አንዲት ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ ብላለች።

አዎ፣ የሱቁ ኢንተርቪው። ሰማያዊውን ሸሚዝ ነው የለበስኩት፣ ያንን የምታውቁትን።

መጀመሪያው ጥሩ ነበር። የጠበቅኳቸው ጥያቄዎች መጡ። ቅዳሜና እሁድ ትሠራለህ? በዓል ላይስ? ቀኑን ሙሉ ቆመህ መዋል ትችላለህ? የተናደደ ደንበኛ ደረሰኝ ሳይዝ ዕቃ ልመልስ ቢልህስ? ለዚህኛው ተዘጋጅቻለሁ። ሳላቋርጥ አዳምጠዋለሁ፣ የሱቁ ደንብ የሚፈቅደውን በእርጋታ እነግረዋለሁ፣ ከአቅሜ በላይ ከሆነ ኃላፊ እጠራለሁ አልኩ። ሥራ አስኪያጇ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ከዚያ፣ «ማታ ሂሳብ ስትዘጋ ገንዘቡ ጎድሎ ብታገኘውስ?» አሉኝ።

ሳላስብ፣ «ከኪሴ እሞላዋለሁ።»

ዝም አሉ። እስክሪብቶ አነሱና የሆነ ነገር ጻፉ። አጭር ነገር ነው፣ አንድ ቃል ቢሆን ነው። ከዚያ «ለምን?» አሉ። «ጥፋቱ የኔ ሊሆን ስለሚችል» አልኩ። «ካልሆነስ?»

ካልሆነስ። መልስ አልነበረኝም። ወደ ቀጣዩ ጥያቄ አለፉ።

የገባኝ ወጥቼ መንገድ ላይ ነው። ከሞላሁት ሂሳቡ ልክ ይመስላል፣ አለቀ። ለደንበኛ መልስ ስሰጥ ትርፍ ሄዶ ይሁን፣ ሲስተሙ ላይ ዋጋ ተሳስቶ ይሁን፣ በዚያው መሳቢያ ሌላ ሰው ሠርቶበት ይሁን፣ ማንም አያጣራም። ደግሞ ዛሬ ሲጎድል ዝም ብሎ የሚሞላ ሰው፣ ነገ ሲተርፍ ዝም ብሎ ሊወስድ ይችላል። እንደዚያ አስበውኝ ይሆን? ደግሜ እቆጥራለሁ፣ ከሽያጭ መዝገቡ ጋር አስተያያለሁ፣ ለኃላፊዬ እናገራለሁ። ይኸው ነው መልሱ! ሦስት ነገር። እናንተ ኢንተርቪው ያላችሁ፣ እባካችሁ ይህችን ያዟት።

ግን እኮ... እናቴ የሰው ገንዘብ ስትይዝ ለብቻው ቋጥራ ነው የምታስቀምጠው። አንድ ጊዜ ጎደለባት። ማንንም ሳትጠይቅ ከራሷ ሞላችው። ትንሽ ልጅ ነበርኩ፣ በር ላይ ቆሜ አይቻታለሁ። ታማኝነት ማለት ለኔ ያ ነበር። አሁን ያ ስህተት ነው ልበል? አልችልም። የቤቱ ሌላ፣ የሱቁ ሌላ ነው ልበል? እንጃ፣ እሱም ልክ አይመስለኝም።

የጎደለውን ከሠራተኛ ደሞዝ የሚቆርጥ ቀጣሪ አለ። እንደዚያ ዓይነት ቢሆኑ መልሴ ደስ ባሰኛቸው ነበር። ዝም ማለታቸው ጥሩ ሱቅ ስለሆነ ነው ማለት ነው? ይህን ሳስብ ሥራውን የበለጠ ፈለግኩት። በጣም ነው የምፈልገው።

መጨረሻ ላይ «ጥያቄ አለህ?» አሉኝ። የፈረቃ ፕሮግራም ከስንት ቀን በፊት እንደሚወጣ ጠየቅኩ፣ ሥልጠናው ስንት ቀን እንደሆነም። ወደዚያች ጥያቄ ልመለስ ማለት እችል ነበር እኮ። በሩ ክፍት ነበር።

ትናንት መልእክት ጀመርኩላቸው። «ስለ ሂሳቡ የጠየቁኝን...» ብዬ ጻፍኩና አጠፋሁት። እስካሁን አልደወሉም። ለእናቴም ደውዬ ነበር፣ ያኔ ስንት እንደጎደለባት ልጠይቃት። ድምፅዋን ስሰማ ስለ ጤናዋ ብቻ ጠየቅኳትና... እ...