«ኪንታሮት ነው» ብላችሁ አትለፉት

(በእድር ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣ እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፤

የዓመቱ ሒሳብ ከመነበቡ በፊት ይህን ጊዜ ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ። የምናገረው ስለ ትልቁ አንጀትና ስለ ፊንጢጣ ካንሰር ነው። ልጅና አማት በተቀመጡበት ስለ ሰገራ ማውራት ነውር እንደሚመስል አውቃለሁ። ነገር ግን በቀዶ ሕክምና ሥራዬ የማገኘው በዚሁ ነውር ምክንያት የዘገየ ሰው ነውና፣ ይቅርታ አድርጉልኝና በግልጽ ልናገር።

ታካሚው ብዙ ጊዜ ፌስታል ይዞ ይመጣል። ፌስታሉ ሲፈታ ለአሜባ የታዘዘ ኪኒን፣ የኪንታሮት ቅባት፣ ለደም ማነስ የተሰጠ አይረን፣ አንዳንዴም ምንም ያልተጻፈበት የባህል መድኃኒት ብልቃጥ ይወጣል። ወራት ሙሉ ሲታከም ከርሟል። በእነዚያ ወራት ሁሉ ግን ጓንት አጥልቆ በጣቱ የመረመረው ባለሙያ የለም። ፊንጢጣ ላይ ከሚወጣው ዕጢ ብዙው በዚያች የአንድ ደቂቃ ምርመራ ይዳሰሳል። ጉድለቱ የእኛ የባለሙያዎቹም ስለሆነ፣ ሳይመረምር መድኃኒት የሚጽፍ ካጋጠማችሁ «ዶክተር፣ እባክዎ ቦታውን ይዩልኝ» በሉት። መብታችሁ ነው።

ኪንታሮትም ያደማል፣ ካንሰርም ያደማል። ደሙን በማየት ብቻ ይህ ነው ያ ነው ብሎ መለየት አይቻልም፤ እኔም አልችልም። ደግሞም ኪንታሮት ያለበት ሰው ካንሰር አይዘውም የሚል ሕግ የለም። በየመብራት ምሰሶው «ኪንታሮትን ያለ ኦፕሬሽን እናድናለን» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ታያላችሁ። እዚያ ከመደወላችሁ በፊት ሕመሙ ተመርምሮ ይለይ።

ምልክቱ ደም ብቻ አይደለም። የመጸዳዳት ልማዳችሁ ተለውጦ ሳምንታት ካለፈው፣ ድርቀትና ተቅማጥ ከተፈራረቁባችሁ፣ ሰገራው ከቀጠነ፣ ተጸዳድታችሁ ከተነሳችሁ በኋላም የቀረ ነገር ያለ እየመሰለ የሚያስምጣችሁ ከሆነ ታዩ። ሳያስቡት መክሳትና የማይለቅ ቁርጠትም እንዲሁ። ሕመሙ በቀኝ በኩል ባለው የአንጀት ክፍል ሲሆን ደሙ ከሰገራው ጋር ስለሚዋሃድ ብዙ ጊዜ በዓይን አይታይም። ሰውየው የሚያውቀው ዳገት ሲወጣ መድከሙን፣ ልቡም መምታቱን ነው። ስለዚህ ወንድ ወይም የወር አበባዋ የቆመ ሴት በአይረን እጥረት ደም ካነሳቸው፣ ደሙ በየት እንደሄደ መፈለግ አለበት፤ አይረን ሰጥቶ መሸኘት አይበቃም። ሆድ ተነፍቶ ፈስም ሰገራም ከቀረ፣ ማስታወክም ከመጣ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ዕድሜ ሲገፋ፣ በተለይ ከ50 በኋላ፣ አደጋው ይጨምራል። ያም ሆኖ በሀገራችን ሆስፒታሎች ከ40 ዓመት በታች ሆነው የሚመጡ ጥቂት አይደሉም። አሜሪካ ውስጥም በሽታው በወጣቶች ላይ እየጨመረ በመምጣቱ፣ ምልክት የሌለው ሰው ምርመራ የሚጀምርበት ዕድሜ እ.ኤ.አ. በ2021 ከ50 ወደ 45 እንዲወርድ ተደርጓል። አባት፣ እናት፣ ወንድም ወይም እህት በዚህ ካንሰር የታመመበት ሰው ደግሞ በ40 ዓመቱ፣ ወይም ዘመዱ ከታመመበት ዕድሜ 10 ዓመት ቀድሞ፣ ከሁለቱ ቀድሞ በሚመጣው ይመርመር። አባት በ45 ዓመቱ ታሞ ከሆነ ልጆቹ በ35 ይጀምራሉ ማለት ነው። በቤተሰባችሁ «በሆድ ሕመም ሞተ» የተባለ ሰው ካለ ምን እንደነበር ትልልቆቹን ጠይቁ።

ሲጋራ፣ አልኮል፣ ውፍረትና ቁጭ ብሎ መዋል አደጋውን ይጨምራሉ። ሥጋውን ሳልነሳ አላልፍም። ሥጋ ቤት ገብተን ለአንድ ሰው ግማሽ ኪሎ ቁርጥ ማዘዝ ቀላል ሆኖብናል። የዓለም የካንሰር ምርምር ፈንድ የሚመክረው የበሰለ ቀይ ሥጋ በሳምንት ከግማሽ ኪሎ እንዳይበልጥ ነው። በዓሉን አክብሩ፤ ምስሩ፣ ሽሮውና ጎመኑ ግን ጾም ሲፈታ ከገበታው አይሰደዱ።

ይህ ካንሰር ጊዜ ይሰጣል። አብዛኛው የሚነሳው ፖሊፕ ከሚባል ትንሽ እባጭ ሲሆን፣ ወደ ካንሰር ለመለወጥ ብዙውን ጊዜ 10 ዓመት ያህል ይወስድበታል። ኮሎኖስኮፒ ማለት ካሜራ ያላት ቀጭን ቱቦ በፊንጢጣ ገብታ አንጀቱን የምታሳይበት ምርመራ ነው፤ ፖሊፕ ከተገኘ እዚያው ተቆርጦ ይወጣል። በአሜሪካ መረጃ መሠረት ካንሰሩ ከአንጀት ሳይወጣ ከተደረሰበት ከ10 ታካሚዎች 9ኙ ከ5 ዓመት በኋላም በሕይወት አሉ። ጉበት ወይም ሳንባ ከደረሰ በኋላ ግን ይህን ያህል የሚቆዩት ከ10 ሁለት እንኳ አይሞሉም።

«በሆድ በኩል የሰገራ መቀበያ ከረጢት ያደርጉብኛል» ብለው የሚሸሹ አሉ። ፍርሃታቸው ይገባኛል። ለሁሉም ታካሚ አይደረግም፤ ከተደረገላቸውም ውስጥ ለብዙዎቹ ጊዜያዊ ነው። ቋሚ የሆነባቸውም ሠርተው ልጅ ያሳድጋሉ። ደግሞ ቶሎ የመጣ ሰው ከከረጢቱ የመዳን ዕድሉ ይሰፋል።

አሁን ለጉባኤው አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። እድራችን አባል ሲሞት ድንኳን ይተክላል፣ ገንዘብ ይከፍላል። ኮሎኖስኮፒ የታዘዘለት አባል ገንዘብ አጥቶ እንዳይቀር ከመጠባበቂያው የሚበደርበት መንገድ ይከፈት። ኮሚቴው በአጀንዳ ይዞ ይነጋገርበት።

ከስብሰባው በኋላ ከጓዳው በኩል ባለችው ክፍል እቆያለሁ። በአደባባይ ሊጠይቅ ያልፈለገ ሰው ብቻውን ይግባ። ከሴት ባለሙያ ጋር መነጋገር የምትፈልግ እህት ካለችም የሰፈራችን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ እዚያው አለች።

አመሰግናለሁ።